ግንቡ የትም አይሄድም

ፎቶ አላምር ሲል ጥፋቱ የስልኩ ይሆናል። «ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ይባላል፤ ስለ ቅንብር የሚጠይቅ ግን የለም። ቅንብር ማለት ከፊታችን ካለው ነገር ምኑ ፍሬም ውስጥ ይግባ፣ ምኑ ይቅር፣ የገባውስ የት ይቀመጥ የሚለው ውሳኔ ነው። ለዚህ አሮጌ ስልክም ይበቃል።

ሌንሱን ጥረጉ፤ ፀሐይን ከሚነሳው ሰው ጀርባ አታድርጉ፤ ዙም ከማድረግ ተራምዳችሁ ቅረቡ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል ብዬ አልፋለሁ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ጎንደር፣ ፋሲል ግቢ ሄዳችሁ አንድ ጥግ ይዛችሁ ተቀመጡ። የሚነሳው ሰው በቀጥታ ሄዶ ግንቡ ላይ ይለጠፋል። አንሺው ደግሞ ግንቡ እስከ ጫፉ አልገባ ሲለው ወደ ኋላ፣ አሁንም ወደ ኋላ ይላል። መጨረሻ ላይ የሚገኘው አንድ ግንብና አንዲት ነጥብ ነው። ነጥቧ አክስታችሁ ነች።

እስቲ እናስላው። በአንድ ሌንስ ሲነሳ ማንኛውም ነገር ፎቶው ላይ የሚኖረው መጠን ከካሜራው ባለው ርቀት ይወሰናል። አንሺው ከግንቡ 45 ሜትር ርቋል እንበል። ግንቡ ሥር የቆመውም ሰው ያንኑ ያህል ርቋል። ሰውየው ወደ ካሜራው መጥቶ 3 ሜትር ላይ ቢቆም 15 እጥፍ ጎልቶ ይወጣል። ግንቡስ? አንሺው ካልተነቃነቀ ግንቡ ያው ነው፤ አያድግም፣ አያንስም። የግንቡ መጠን የአንሺው ጉዳይ ነው፤ የሰውየው መጠን ደግሞ ሰውየው የሚቆምበት ቦታ ጉዳይ። ሁለቱን ለየብቻ ማስተካከል ይቻላል። 24 ሜትሩ የአክሱም ሐውልት ፊትም የሚሠራው ይኸው ነው።

አንድ ቀን እዚያው ግቢ ውስጥ አንድ ወጣት «እማዬ፣ ጠጋ በይ፤ ግንቡን ተደገፊው» እያለ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አየሁና አላስቻለኝም። «እናቴ፣ ወደዚህ ይምጡ፤ ግንቡ የትም አይሄድም» አልኳቸው። መጡ። ከፍሬሙ በግራ በኩል አቆምናቸው፤ በቀኝ ግንቡ ሙሉውን ገባ። ስልኩን ተቀብለው አዩና «ጥለቴ ሳይቀር ታየ!» ብለው ልጃቸውን ገላመጡት።

ለምን በግራ በኩል? ስልካችሁ የካሜራ ሴቲንግ ውስጥ ግሪድ የሚባል አለ፤ ስክሪኑን በሁለት ቋሚና በሁለት አግዳሚ መስመሮች ዘጠኝ ቦታ ይከፍለዋል። ዋናውን ነገር ከመሀል አውጥታችሁ አንዱ መስመር ላይ አስቀምጡ ነው ምክሩ። ለዚህ የሦስት እጅ ደንብ ስም ያወጣለት እንግሊዛዊው ጆን ቶማስ ስሚዝ ነው፤ በ1797 እ.ኤ.አ.፣ ካሜራ ገና ሳይኖር፣ ለሠዓሊዎች ብሎ። ሕግ ግን አይደለም። የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ ከአፋፉ ቁልቁል የሚያነሳ ሰው መስቀሉን መሀል ላይ ቢያደርገው ማንም አይፈርድበትም።

በተረፈ፣ ከመጫናችሁ በፊት ዓይናችሁን በአራቱም ጠርዝ አዙሩ። ከሙሽራዋ አናት የበቀለ የመብራት ምሰሶ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የተቆረጠ ሚዜ፣ በጥግ በኩል የገባ የማንም ክርን የሚያዘው ያኔ ነው። «በኋላ ኤዲት አደርገዋለሁ» ለምትሉ ደግሞ፦ ትርፍ ነገር በክሮፕ ይወጣል፤ የተቆረጠ እግር ግን በክሮፕ አይቀጠልም። ከተጠራጠራችሁ ዙሪያውን ትንሽ ለቀቅ አድርጋችሁ አንሱ።