«ታቅጺቭ የለም» ከመባሉ በፊት ወላጆች ምን ይጠይቁ?

በሐዴራ፣ ወገኖቻችን በብዛት እንደሚኖሩባቸው እንደ ሌሎቹ ከተሞች ሁሉ፣ ልጆች ከሰዓት በኋላ በማትናስ ወይም በትምህርት ቤታቸው ተቀምጠው በሒሳብ፣ በእንግሊዝኛና በዕብራይስጥ እገዛ ያገኛሉ። ወላጅ አይከፍልም፤ ቢከፍልም ጥቂት ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚከፍልበትና እስከ መቼ እንደሚቆይ የሚጠይቅ ብዙ አይደለም። ጥያቄው የሚነሣው ልጁ በዓመቱ አጋማሽ ወደ ቤት መጥቶ «ከእንግዲህ የለም ተባልን» ሲል ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ ሁለት ቃል ነው፦ «ኤን ታቅጺቭ»፣ በጀት የለም።

የግል አስተማሪ ለመቅጠር አቅም ላለው ቤተሰብ ይህ ቀላል ችግር ነው። አቅም ለሌለው ግን ከባድ ነው። ለባግሩት አንድ ዓመት የቀረው ልጅ እገዛው ሲቋረጥበት በአምስት ዬሒዶት የጀመረውን ሒሳብ በሦስት ሊጨርስ ይችላል፤ ያኔ የሚመኘው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ይርቅበታል።

ክቡራን ወላጆች፣ ፕሮግራሙ ለእናንተ በነፃ ቢሆንም ያለ ዋጋ የመጣ አይደለም። በልጆቻችሁ ስም የተጠየቀ፣ ሰጪ፣ ቀነ ገደብና ግዴታ ያለው ገንዘብ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ድፍረትም ውለታ መርሳትም አይደለም፤ መብት ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

እገዛውን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ አሙታ ነው፤ ለትርፍ የማይሠራ ማኅበር ማለት ነው። አሙታው ገንዘቡን ከተለያዩ ምንጮች ያሰባስባል።

አንደኛው መንግሥት ነው። መንግሥት ጁላይ 31 ቀን 2015 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 324 የኢትዮጵያ ተወላጆችን ጉዳይ የሚመለከት አዲስ መመሪያ አወጣ፤ ፕሮግራሙም «ዴሬኽ ሐዳሻ»፣ አዲስ መንገድ ተባለ። የመመሪያው አንዱ ሐሳብ ለኢትዮጵያ ተወላጆች ብቻ የተለዩ ፕሮግራሞችን መቀነስና ልጆቻችን ከሌሎች ጋር አብረው እንዲያገለገሉ ማድረግ ነበር።

ሁለተኛው ማዘጋጃ ቤቱ፣ ኢሪያው ነው። ኢሪያ ለአሙታዎች ድጋፍ ሲሰጥ አስቀድሞ መስፈርት አውጥቶ ማሳወቅና ማመልከቻዎችን በመስፈርቱ መሠረት መመልከት አለበት። በትውውቅ የሚሰጥ ገንዘብ አይደለም።

ሦስተኛው የሕዝብ ፈንዶች ናቸው። ቢቱአሕ ሌኡሚ በአደጋ ላይ ላሉ ልጆችና ወጣቶች የሚሆን ፈንድ አለው። በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው የውርስ ኮሚቴ ደግሞ ሰዎች ለመንግሥት ተናዘው የተዉትን ገንዘብ ለበጎ ሥራ ያከፋፍላል።

አራተኛው የማኅበረሰብ ፋውንዴሽንና በውጭ ያሉ የአይሁድ ማኅበረሰቦች ናቸው። የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ማለት ብዙ ሰዎች የሰጡትን ገንዘብ በአንድ ላይ ይዞ ለአካባቢው ጥቅም የሚያውል ድርጅት ነው። የመጀመሪያው በ1914 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ፍሬድሪክ ጎፍ በተባለ የባንክ ሰው ተመሠረተ። በአገራችን የኢየሩሳሌም ፋውንዴሽን በ1966፣ የቴል አቪቭ ፋውንዴሽን በ1977 ተቋቁመዋል። ሐዴራ ደግሞ ከ2008 ጀምሮ ከአሜሪካዋ ሻርሎት ጋር እኅት ከተማ ናት፤ አካባቢዋም በሶኽኑት የሽርክና ፕሮግራም ከደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ የአይሁድ ማኅበረሰቦች ጋር ተሳስሯል። በአገር ደረጃ የሚታወቀው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ፕሮጀክትም ገንዘቡን የሚያገኘው ከመንግሥትና በውጭ ካሉ የአይሁድ ማኅበረሰቦች ነው፤ ስፔስ የተባለው ፕሮግራሙ ለተማሪዎች በትናንሽ ቡድን የትምህርት እገዛ ይሰጣል።

ለምን በመሀል ይቋረጣል?

ዋናው ምክንያት የቀን መቁጠሪያ ነው። የትምህርት ዓመት ከሴፕቴምበር እስከ ጁን ነው፤ የመንግሥት በጀት ግን ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ይሄዳል። ገንዘቡ በዲሴምበር ካለቀና የሚቀጥለው ካልጸደቀ፣ ልጁ በትምህርቱ መካከል ሳለ ፕሮግራሙ ይቆማል። በ2020 የመንግሥት በጀት ጭራሽ አልጸደቀም፤ የሚቀጥለው የጸደቀውም በኖቬምበር 2021 ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ በመንግሥት ድጋፍ የሚሠሩ አሙታዎች ይቸገራሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሰጪዎች ብቻቸውን አለመክፈላቸው ነው። «ግማሹን ሌላ ሰው ከሰጠ እኛም ግማሹን እንሰጣለን» ይላሉ። አንዱ ከቀረ ሌላውም ይቀራል።

ሦስተኛው የልጆች መቅረት ነው። ሰጪው በዓመቱ መጨረሻ ስንት ልጅ እንደተመዘገበ፣ ስንቱ እንደዘለቀና ምን ለውጥ እንዳመጣ ይጠይቃል። ሠላሳ ልጆች ተመዝግበው አሥሩ ብቻ ከመጡ፣ አሙታው ለሚቀጥለው ዓመት ማስረጃ ያጣል። ስለዚህ ልጃችሁን በሰዓቱ መላክና ሲቀር ማሳወቅ ለራሱም ለጓደኞቹም ይጠቅማል። ነገር ግን ልጃችሁ ባልተገኘበት ቀን እንደተገኘ አድርጋችሁ አትፈርሙ። ያልገባችሁን ወረቀትም ልጃችሁ ሳይሆን ሌላ አዋቂ ሰው ካስረዳችሁ በኋላ ፈርሙ።

አሙታን እንደ እድር እዩት

አሙታ ሲባል ብዙ አባቶችና እናቶች የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይመስላቸዋል። ይልቅ እድርን አስቡ። እድር ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ አባላቱ ይሰበሰባሉ፤ ሒሳብ በፊታቸው ይነበባል፤ ገንዘብ ያዡ ቢሳሳት ይጠየቃል። አሙታም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ መዝገቡ በመንግሥት እጅ መሆኑ ነው።

የአሙታዎች ሕግ የወጣው በ1980 ነው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች አሙታ ማቋቋም ይችላሉ። አሙታው በራሻም ሀአሙቶት፣ ማለትም በአሙታዎች መዝጋቢ ዘንድ ይመዘገባል፤ በ58 የሚጀምር ቁጥርም ይሰጠዋል። በየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ያቀርባል። ከመንግሥት ድጋፍ ለማግኘት ደግሞ «ኢሹር ኒሁል ታኪን» የተባለ፣ በትክክል መመራቱን የሚመሰክር ወረቀት ያስፈልገዋል።

ይህን ሁሉ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ማየት ይችላል። ጋይድስታር በተባለው የኢንተርኔት መዝገብ የአሙታውን ስም ወይም ቁጥር ስትጽፉ ሪፖርቱን፣ የገቢውን መጠን፣ ኢሹሩ መኖር አለመኖሩን፣ እንዲሁም ከፍተኛ ደመወዝ ለሚያገኙ አምስት ሠራተኞቹ የሚከፈለውን ታገኛላችሁ። ዕብራይስጥ ለማንበብ የሚቸግራችሁ ልጆቻችሁ ወይም የልጅ ልጆቻችሁ ጥቂት ደቂቃ ሰጥተው ያንብቡላችሁ።

ከምዝገባ በፊት የሚጠየቁ ስድስት ጥያቄዎች

1. ፕሮግራሙን የሚመራው አሙታ ማነው? ቁጥሩስ ስንት ነው?

2. ገንዘቡን የሰጠው ማነው? እስከ ስንት ወር ተፈቅዷል? «እስከ ዲሴምበር» ከተባለ፣ ከጃንዋሪ በኋላ ምን እንደታሰበ ጠይቁ።

3. የሚከፈል ነገር አለ? ካለ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የመክፈል አቅም ለሌላቸው ቅናሽ መኖሩንም ጠይቁ። ያለ ደረሰኝ ጥሬ ገንዘብ አትስጡ።

4. ልጄ ሲጀምር የት ነበር፣ አሁንስ የት ደረሰ? «ጎበዝ ነው» የሚለው ብቻ አይበቃም፤ የፈተና ውጤት እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።

5. ከልጆች ጋር የሚሠሩት ወንዶች የፖሊስ ኢሹር አቅርበዋል? በ2001 የወጣው ሕግ የልጆችን ደኅንነት ለመጠበቅ ይህን ያስገድዳል። አሠሪው በጥያቄው ሊቀየም አይገባም።

6. ልጄን ፎቶ የምታነሡት ለምንድን ነው? ፎቶው የት ይወጣል?

የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። አሙታዎች ለሰጪዎቻቸው ሥራቸውን ለማሳየት የልጆችን ፎቶና የቤተሰብ ታሪክ ይፈልጋሉ። ነገር ግን የእናንተ ፈቃድ ያስፈልጋል። ልጁ መማሩን የሚያሳይ ፎቶ አንድ ነገር ነው፤ ድህነታችሁን የሚያሳይ ደግሞ ሌላ ነው። ባትፈቅዱ ልጃችሁ ከትምህርቱ ሊወጣ አይገባውም።

ፕሮግራሙ ቢቋረጥ

በቃል ብቻ አትቀበሉ። ብቻችሁን ከመሄድ ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆናችሁ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፤ ለአሙታው፣ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርና ለኢሪያው የትምህርት ክፍል አድርሱ። በደብዳቤው ስንት ልጆች እንደሚማሩ፣ ምን ትምህርት እንደተቋረጠና ልጆቹ መቼ ባግሩት እንደሚፈተኑ ግለጹ፤ መልሱም በጽሑፍ እንዲሆን ጠይቁ። አሙታው ሌላ ሰጪ ሲፈልግ ይህ ደብዳቤ ማስረጃ ይሆነዋል። በዘር ምክንያት አድልዎ ተፈጽሞብናል የምትሉ ከሆነ፣ ከ2000 ጀምሮ ለኢትዮጵያ ተወላጆች የሕግ እርዳታ የሚሰጠውን ጠበቃ የተባለውን ድርጅት ማነጋገር ትችላላችሁ።

በዚህ ገንዘብ ሥራም አለ

የእርዳታ ገንዘብ ለደመወዝም ይውላል። አስተማሪ፣ የቡድን መሪና አስተባባሪ ይቀጠራል። በቤተሰብና በትምህርት ቤት መካከል የሚያገናኝ መጋሼርም ያስፈልጋል፤ በ1997 የተቋቋመው ፊደል የተባለው ድርጅት ለዚህ ሥራ የእኛን ሰዎች በማሠልጠን ይታወቃል። ለመጋሼር አማርኛ ማወቅና ሽማግሌ ማክበር የሥራ ችሎታ ነው፤ በማመልከቻችሁ ላይ ጻፉት። ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆቻችሁም በፔራኽ በኩል፣ ከ1974 ጀምሮ በሚሠራው ፕሮግራም፣ አንድን ልጅ እያገዙ የትምህርት ስኮላርሺፕ ማግኘት ይችላሉ።

ሽማግሌዎችም ቦታ አላችሁ። አሙታ የአመራር ኮሚቴና ሒሳብ የሚመረምር አካል ያስፈልገዋል። ለብዙ ዓመታት የእድር ገንዘብ ሳያጎድል የያዘ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል፤ ዕብራይስጡን ወጣቶቹ ይሙሉለት። ገንዘብ ሰጪዎችም ማኅበረሰቡ ራሱ በአመራሩ ውስጥ መኖሩን ይጠይቃሉ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንድ ወላጅ ቢጠይቅ «ጨቅጫቃ» ሊባል ይችላል፤ ሃያ ወላጆች ቢጠይቁ ግን ስብሰባ ይጠራል። ጊዜውም ሴፕቴምበር ሳይሆን ሜይና ጁን ነው፤ ትምህርት ሳይዘጋ፣ የሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ ገና እየተጠየቀ ሳለ።