«ያወጣሁበትን ብቻ ስጠኝ»

አሮጌ ቮልስ ሊገዛ የወጣ ሰው ከሻጩ አፍ ቀድሞ የሚሰማው ይህን ነው። ሻጩ ደረሰኞቹን በፌስታል ጠቅልሎ ያመጣል፤ የቀለም፣ የወንበር ልብስ፣ የቸርኬ፣ የሞተር እድሳት፣ የባለሙያ የእጅ ዋጋ። ደምሮ ያሳያል። ትርፍ እንደማይፈልግ፣ ያፈሰሰውን ብቻ መመለስ እንደሚሻ ይምላል። ሲሰሙት ፍትሐዊ ነው። ለዋጋ መነሻነት ግን ከዚህ የደከመ መከራከሪያ አላውቅም። ሻጩ በራሱ ምርጫ፣ ለራሱ ደስታ ያወጣው ገንዘብ ወጥቶ አልቋል። ገዢው ማወቅ የሚፈልገው መኪናዋ ዛሬ ለእሱ ምን እንደምትጠቅመው ሲሆን፣ ለዚህ ጥያቄ ደረሰኝ መልስ አይሰጥም።

ቮልስን ምሳሌ ያደረግኳት በከተማችን የእሷን ያህል ብዙ እጅ የተፈራረቀባት መኪና ያለች ስለማይመስለኝ ነው። ባለ ጣሪያዋ ቮልስ ጀርመን ውስጥ መሠራት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ በዓለም የመጨረሻዋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ፣ ፑኤብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጣች። እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል። በቁጥር ካየናት ብርቅ አይደለችም ማለት ነው። ብርቅ የሆነችው ያልተነካካችው ናት። አንዷ 1200 ሞተሯ ወጥቶ 1600 ገብቶላታል፣ ሌላዋ ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ተቀይራለች፣ ሦስተኛዋ ጣሪያዋ ተቆርጧል፣ አራተኛዋ ዳሽቦርዷ ላይ ታብሌት የሚያህል ስክሪን ተተክሎባታል። የእንዲህ ያለችዋን ዋጋ የሚነግር ዝርዝር የትም የለም። ደላላውም የሚነግርህ ሻጩ የጠየቀውን ነው።

እኔ እንደማየው ሻጩ በሚጠራው አንድ ዋጋ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ገንዘቦች ተደባልቀዋል። አንዱ መነሻው ነው፤ ማንም ባይነካት ኖሮ መኪናዋ የምታወጣው። ሁለተኛው ሞዲፊኬሽኑ የጨመረላት ወይም የቀነሰባት ነው። ሦስተኛው የብር አቅም መዳከምና የመኪና ገበያው መጥበብ ያመጡት ንረት ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ሻጩ ሦስተኛውን በሁለተኛው ስም ሲሸጥ ነው።

ንረቱ ከየት እንደመጣ ሁላችንም ኖረንበታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በዕድሜ በገፉ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ ከዚያ ወዲህ አሮጌ መኪና ከውጭ አስገብቶ አትራፊ መሆን ሕልም ሆነ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር በላይ ደረሰ። ይህ ሁሉ ጓሮ ውስጥ በሸራ ተሸፍና የቆመችውን ቮልስ እንኳ ዋጋዋን ወደ ላይ ገፍቶታል። ባለቤቷ ጣቱን ማንሳት አላስፈለገውም።

አንድ ስሌት እንሥራ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ብቻ የተወሰዱ ናቸው። አንድ ሰው ከዓመታት በፊት ቮልስ በ150 ሺሕ ብር ገዛ። 300 ሺሕ ብር አወጣባት። ዛሬ 900 ሺሕ ብር ይጠይቃል። «450 ሺሕ ብር አውጥቼባት 900 ልታወጣ ነው፤ ሥራዬ እጥፍ አድርጓታል» ብሎ ያምናል። ጎረቤቱ ዘንድ ያለችው፣ በዚያው ዓመት የተመረተች፣ ያልተነካች ቮልስ ግን ዛሬ በ750 ሺሕ ብር ትሸጣለች። ከ150 ወደ 750 የወሰዳት ጊዜና ብር ነው። የእሱ ሥራ የጨመረላት 150 ሺሕ ብር ብቻ ነው፤ ያውም ገዢው 900ውን ከከፈለ። ያኔ 300 ሺሕ ብር የፈጀውን ሥራ ዛሬ ማሠራት 600 ሺሕ ይጠይቃል ብንል፣ ሰውዬው በዛሬ ገንዘብ ካፈሰሰው የተመለሰለት ሩቡ ነው። መኪናዋን ሸፍኖ አስቀምጦ ገንዘቡን መሬት ወይም ዶላር ላይ ያዋለ ሰው ይበልጠዋል። በእርግጥ ያኛው ቮልሱን እየነዳ በቦሌ መንገድ አልተዝናናም፤ ያም ዋጋ አለው፤ ነገር ግን ያ ደስታ ከመኪናዋ ጋር ለገዢው አይተላለፍም።

ታዲያ የሞዲፊኬሽኑ ድርሻ እንዴት ይለካል? የሚገርመው፣ ለዚህ ጥያቄ የተፈጠረው የሂሳብ መንገድ ራሱ የተወለደው ከመኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 አንድሩ ኮርት የተባለ፣ ለአሜሪካ የመኪና አምራቾች ማኅበር ይሠራ የነበረ ባለሙያ የመኪናን ዋጋ በክብደቷ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎቿ መካከል ባለው ርቀትና በፈረስ ጉልበቷ ከፋፍሎ ለማስላት ሞከረ። የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ዝቪ ግሪሊከስ እ.ኤ.አ. በ1961 ሐሳቡን መልሶ አነሳው፤ ዛሬ ሄዶኒክ የዋጋ ስሌት የሚባለው ይኸው ነው። መነሻው ቀላል ነው፦ ገዢ የሚገዛው መኪና የተባለውን ዕቃ ሳይሆን በውስጡ የታሰሩትን ባሕርያት ነው፤ ባሕርይ በባሕርይ ዋጋ ይሰጣል። በሺዎች በሚሸጡ ተመሳሳይ መኪኖች ላይ ስሌቱ ግሩም ይሠራል። በእኛይቱ ቮልስ ላይ ግን ሁለት ቦታ ይሰናከላል። አምሳያ የላትም፤ ስለዚህ የሚነጻጸር ሽያጭ አይገኝም። ባሕርያቱም ዝም ብለው አይደመሩም። የሰፋ ሞተር በድሮው የከበሮ ፍሬን ላይ ሲጫን ከሞተሩ ዋጋ ላይ ይቀነሳል፤ ምክንያቱም ገዢው ነገ ፍሬኑን ለማስቀየር ሌላ ገንዘብ ያስባል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ለውጥ ሳይ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህን ለመቀልበስ ስንት ይፈጃል? 12 ቮልት የገባላትን ቮልስ ማንም ወደ 6 መመለስ አይፈልግም፤ አምፖልና ባትሪ በየሱቁ ይገኛል፣ ሌሊት መብራቷ ያሳያል። የዚህ ዓይነቱ ሥራ ወጪውን በሚገባ ይመልሳል። የፊት ዲስክ ፍሬንም እንዲሁ። ቸርኬ፣ መሪ፣ ስክሪን በቁልፍ ይፈታሉ፤ የፋብሪካው ዕቃ በካርቶን ተቀምጦ ከመኪናዋ ጋር ከተሰጠ ለውጡ ምንም አልጎዳም፣ ካርቶኑ ከጠፋ ግን ገዢው ሶማሌ ተራ ሄዶ መለዋወጫ ሲፈልግ የሚደክመውን ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። በልክ የተሰፋ ኮት የሰፋለትን ሰው ያምርበታል እንጂ ገበያ ቢወጣ ከጨርቁ ዋጋ ብዙም አያልፍም፤ ሐምራዊ ቀለምና ባለ ሁለት ቀለም ቆዳ ወንበርም እንደዚያው ናቸው።

ጣሪያ መቁረጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፋብሪካው ራሱ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ቮልስ ይሸጥ ነበር። የሚሠራው ካርማን የተባለው ኩባንያ ነበር፤ ከ1949 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ከ330 ሺሕ በላይ ሠርቷል። ካርማን ጣሪያውን ያነሳው ወለሉንና ከበሮቹ ሥር ያለውን ብረት አጠናክሮ ነው፤ ጣሪያ የሚሰጠው ጥንካሬ ሲሄድ ሌላ ነገር መተካት አለበትና። የሰፈር ብየዳ ቤት በግራይንደር የቆረጣት ቮልስ ያን ማጠናከሪያ ብዙ ጊዜ አታገኝም። ምልክቱን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያሻም። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመው በሩን ከፍተው ይዝጉት፤ ከዚያ አራት ሰው ውስጥ አስገብተው ደግመው ይሞክሩት። በሩ ከተንጠለጠለ፣ ወይም በበሩ ጠርዝ ያለው ክፍተት ከላይ ጠብቦ ከታች ከሰፋ፣ ቦዲው መሃል ላይ ሰጥሟል። ሻጩ «ኮንቨርቲብል ናት» ብሎ የጨመረውን ሁሉ እዚያው ላይ መሰረዝና ከመነሻው ላይ ደግሞ መቀነስ ተገቢ ነው። ይህ ለውጥ አይቀለበስም፤ የሌላ ቮልስ ጣሪያ ፈልጎ መበየድ ካልሆነ በስተቀር።

የተለወጠች መኪና ዋጋ ላይ የሚጫነው ትልቁ ቅናሽ ግን ከማይታየው ነገር የሚመጣ ነው። የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመውና በ2001 ኖቤል ካሸለሙት ሥራዎቹ አንዱ የሆነው ጽሑፍ በትክክል ይህን ገበያ ነው የመረመረው፦ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ፣ ገዢ ለሁሉም መኪና በአማካይ ጥራት ልክ ዋጋ ይሰጣል፤ ጥሩ መኪና ያለው ሰው ደግሞ በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያ ይወጣል። አዲስ ቀለም የተቀባች ቮልስ ለዚህ ጥርጣሬ ሁነኛ ማሳያ ናት፤ ቀለሙ አዲስ በሆነ ቁጥር ሥሩ ያለው ነገር ይበልጥ ያሳስባል።

ጥርጣሬውን በርካሽ መቀነስ ይቻላል። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በፓራፋንጎውና በበሩ ታችኛ ጠርዝ ላይ ማስኬድ ነው፤ ላሜራ ባለበት ይይዛል፣ ስቱኮ በወፈረበት ይለቃል። ቀጥሎ የኋላ ወንበሩን ማንሳት። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዚያ ሥር በቀኝ በኩል ስለሆነ ለዓመታት የተንጠባጠበው አሲድ ወለሉን ይበላዋል፤ አንዳንዴ ምንጣፉን ሲገልጡት ከታች አስፋልቱ ይታያል። በዚያው ወንበር ሥር፣ ወለሉን ለሁለት በሚከፍለው ጉብታ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቶ ይገኛል። ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ ካልሆነ፣ ወይም በዙሪያው የብየዳ ጠባሳ ካለ፣ ስለ ቸርኬና ስለ ቀለም መከራከሩ ትርጉም የለውም። ሞተር የተቀየረላት ከሆነም የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ መስተካከሉን ማየት ግድ ነው። በተቃራኒው ሻጩ መኪናዋ ተገልጣ፣ ብረቷ ራቁቱን ቆሞ፣ ብየዳው ሲሠራ የተነሱ ፎቶዎች ካሉት እነዚያ ከደረሰኞቹ ክምር ይልቅ ገንዘብ ያወጣሉ። ደረሰኝ የወጣውን ይናገራል፤ ፎቶ የተሠራውን።

ከዚህ ሁሉ የሚያመልጡ መኪኖች አሉ። ዘፋኟ ጃኒስ ጆፕሊን የነበራት የ1964 ፖርሽ 356 ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍና ነበር፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ኒውዮርክ ውስጥ በጨረታ 1.76 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። ቀልዱ፣ ያ ሥዕል የመጀመሪያው እንኳ አልነበረም፤ ቤተሰቡ አንድ ጊዜ አጥፍቶ ወደ ፋብሪካው ቀለም መልሶት፣ ኋላ ደግሞ አስመስሎ አስቀባው። ካሊፎርኒያ ያለው ሲንገር የተባለ ድርጅትም አሮጌ ፖርሽ 911ዎችን ፈትቶ እንደገና ይሠራል፤ ሥራዎቹ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠው ያውቃሉ። በሁለቱም ዋጋውን የተሸከመው ስም ነው፦ የባለቤቷ ወይም የሠሪው። እኛ ዘንድ እጃቸው የተመሰከረላቸው ሜካኒኮችና ብየዳ ሠሪዎች ሞልተዋል፤ ነገር ግን ገዢ ሥራውን ሳያይ ስሙን ሰምቶ ብቻ ተጨማሪ የሚከፍልለት ገና አልተፈጠረም። ስለዚህ የውጭ ጨረታ ቪዲዮ እያሳየ ዋጋ የሚጠራ ሻጭ ላም አለኝ በሰማይ ነው የሚለው።

ሌላው የሚያሳስት ነገር የተለጠፈ ዋጋ ነው። በየማስታወቂያው የምናየው የተጠየቀውን ነው፤ ስንት እንደተሸጠች ማንም አይለጥፍም። በልኩ የተጠየቀባት ቮልስ በሳምንት ውስጥ ተሸጣ ከዓይን ትሰወራለች፤ የተወደደችው ግን ለወራት ተለጥፋ ትቆይና ለሌሎች ሻጮች መለኪያ ትሆናለች። ሞዲፋይ የተደረገች መኪና ደግሞ ገዢዋ ጥቂት ነው። ሻጩ ያንን አንድ ሰው እስኪያገኝ ስድስት ወር ሊጠብቅ ይችላል፤ በእነዚያ ወራት የዋጋ ግሽበቱ ከሚያገኘው ላይ ይሸርፋል። ቸኩሎ የሚሸጥ ከሆነ ዋጋው ወደ መነሻው ይወርዳል፤ ይህ ቅናሽ የመኪናዋ ጉድለት ሳይሆን የችኮላ ክፍያ ነው።

ወደፊት የሚመጣው ለውጥ ምን ይሆናል ለሚል፣ ፍንጩ እዚያው ቮልስ ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ቮልስዋገን ኢክላሲክስ ከተባለ ድርጅት ጋር ሆኖ የኤሌክትሪክ ቮልስ ፍራንክፈርት ላይ አቀረበ፤ ባትሪዋ 36.8 ኪሎዋት ሰዓት፣ በአንድ ቻርጅ የምትሄደው 200 ኪሎ ሜትር ያህል። የቤንዚን መኪና ማስገባት በተከለከለበት አገር ይህ ሐሳብ አጓጊ ነው። እዚህ ቢሠራ ዋጋውን የምለካው በዚያው ጥያቄ ነው፦ የድሮው ሞተር በሣጥን ተቀምጧል ወይስ ለቁርጥራጭ ብረት ተሽጧል?

አሁን ወደ ድርድሩ። የዋጋው ወለል፣ ያልተነካች ተመሳሳይ ቮልስ በእርግጥ የተሸጠችበት ነው፤ ከዚያ ላይ የሚቀለበሰውን ለመቀልበስ፣ የማይቀለበሰውን ደግሞ ለመታገስ የሚያስፈልገው ይቀነሳል። የዋጋው ጣሪያ፣ ገዢው ራሱ ያንኑ ሥራ ዛሬ ቢያሠራ የሚያወጣው በወለሉ ላይ ተደምሮ ነው፤ ነገር ግን እሱም ያንኑ ይፈልግ ከነበረ ብቻ። በምሳሌያችን፣ የሚቀነስ ነገር ከሌለ፣ ወለሉ 750 ሺሕ፣ ጣሪያው 1 ሚሊዮን 350 ሺሕ ነው። ገዢው ከ600 ሺሑ ሥራ የሚፈልገው 12 ቮልቱንና ፍሬኑን ብቻ፣ እነሱም ዛሬ 120 ሺሕ የሚፈጁ ከሆነ፣ ከ870 ሺሕ በላይ የሚከፍልበት ምክንያት የለውም። 900 የጠየቀው ሻጭ ከዚህ ብዙ አልራቀም፤ ሰላሳ ሺሑን የሚወስነው ማን ቸኩሏል የሚለው ነው። ሻጩ ካልቸኮለ ሌላም መንገድ አለው፦ ቸርኬውን፣ ስክሪኑንና መሪውን ፈትቶ ለሚፈልጋቸው ለየብቻ መሸጥ፣ ከካርቶን የወጣውን የፋብሪካ ዕቃ መልሶ መግጠምና መኪናዋን ለብዙኃኑ ገዢ ማቅረብ።