የረድኤት ድርጅቶች ካለፈው ለመማር ለምን ይዘገያሉ?

የድርጅት ትምህርት የሚባለው ሠራተኞች በየሥልጠናው የሚቀስሙት ዕውቀት ሳይሆን፣ አንድ መሥሪያ ቤት ከሥራው ያገኘውን ግንዛቤ በደንቡና በበጀቱ ውስጥ አስርጾ፣ ሰዎቹ ቢቀያየሩ እንኳ እንዳይጠፋ ማድረጉ ነው። ክሪስ አርጊሪስና ዶናልድ ሾን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ ትምህርቱን በሁለት ከፍለውታል፤ ነጠላ ዙር ያሉት ግቡ ሳይጠየቅ አፈጻጸሙን ማረም ሲሆን፣ ድርብ ዙር ያሉት ግን ግቡንና ከሥሩ ያለውን እሳቤ ጭምር መመርመር ነው።

ልዩነቱ በኢትዮጵያ የዕርዳታ ታሪክ ጎልቶ ይታያል። የወሎን ረሃብ ተከትሎ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ዝናቡን፣ ሰብሉንና ገበያውን የሚከታተል የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘርግቶ፣ በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለረሃብ መጋለጡን ለለጋሾች ቢያስታውቅም፣ ዓለም በሰፊው የተንቀሳቀሰው በኮረም ከተማ የነበረው የረሃብተኞች ሰቆቃ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። የጎደለው መረጃ አልነበረም፤ ለጋሾች የኮሚሽኑን አኃዝ ተጠራጠሩ፣ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ለማክበር ሽር ጉድ ይል የነበረው መንግሥትም ረሃቡ አደባባይ እንዲወጣ አልፈለገም።

በቀጣዮቹ ዓመታት ትንበያውም የእህል መጠባበቂያውም ተሻሻለ፤ ይሁንና ይህ ነጠላ ዙር ነበር። በየዓመቱ ተረጂ ተቆጥሮ፣ ጥሪ ቀርቦ፣ እህሉ ከመርከብ ወርዶ ወረዳ እስኪደርስ ገበሬው በሬውን ይሸጥ ነበርና፣ ነፍሱ ብትተርፍም ለከርሞ የሚያርስበት ጥሪት አይቀረውም ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተረጂው ቁጥር ከ13 ሚሊዮን ሲያልፍ ግን፣ በየዓመቱ አስቀድሞ የሚታወቅ ረሃብ ስለ ምን እንደ ድንገተኛ አደጋ ይቆጠራል የሚለው ጥያቄ ገፍቶ መጣ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መልሱ ነበር፤ 5 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ የበርካታ ዓመታት በጀት ተይዞለት፣ መሥራት የሚችለው በእርከንና በመንገድ ሥራ፣ የማይችለው በቀጥታ ድጋፍ እህል ወይም ገንዘብ እንዲያገኝ ተደረገ።

ከ1977ቱ ረሃብ እስከዚህ ለውጥ ሃያ ዓመት ፈጅቷል፤ ለመዘግየቱም ምክንያት አለው። የለጋሽ ገንዘብ በአጫጭር ፕሮጀክት ስለሚለቀቅ ሠራተኛው በኮንትራት መጥቶ ልምዱን ይዞ ይሄዳል፤ ድርጅቱም የሚጠየቀው በሚከፍለው ለጋሽ እንጂ በሚቀበለው ተረጂ ስላልሆነ፣ ድክመቱን በግልጽ መናገር የነገ በጀቴን ያሳጣኛል ብሎ ይሰጋል። የግምገማው ሪፖርትም አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ወደ ለጋሹ ይላካል። ሪፖርቱ በገበሬው ቋንቋ ወደ ቀበሌው ሊመለስና ስሕተቱን በኑሮው የከፈለው ሰው ሊጠየቅበት ይገባል።