መሪው ተዛወረ፣ መብራቱ ቀረ

ፒያሳ ላይ ማታ የሚነዳ ሰው ሁሉ ቅሬታው አንድ ነው፦ ከፊት የሚመጣው መኪና መብራት ዐይን ያጠፋል። የቸርችል ጎዳናን ዳገት ጨርሶ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ብቅ የሚል መኪና አፍንጫው ገና ወደ ላይ ነውና ለአፍታ ቢያጭበረብር አይፈረድበትም፤ የመሬቱ ጠባይ ነው። በሜዳው ላይ፣ በኮሪደር ልማቱ በተተከሉት የመንገድ መብራቶች ሥር እየተጓዘ የሚያሳውረውስ? ሾፌሮች «ረጅም አብርቶ ነው» ወይም «ኤልኢዲ አስገጥሞ ነው» ይላሉ። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው። ሦስተኛውን ምክንያት የሚጠረጥር ግን ጥቂት ነው፦ መብራቱ የተሠራው ለሌላ አገር መንገድ ነው።

አጭር መብራት ሁለቱን ጎን እኩል አያበራም፤ የተሠራውም እንዳያበራ ነው። በቀኝ በሚነዳበት አገር የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ በግራ በኩል ዝቅ ብሎ ይተኛል፤ በቀኝ በኩል በ15 ዲግሪ ያህል ሽቅብ ይነሳል። ዝቅ ያለው መጪውን ሾፌር ላለማሳወር፣ የተነሳው የመንገዱን ዳርና እግረኛውን ለማሳየት ነው። ለተለመደው ሃሎጅን መብራት የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ልዩነቱን በቁጥር አስቀምጦታል። መብራቱ 25 ሜትር ርቆ በተዘረጋ ሸራ ላይ ሲለካ፣ የመጪው ሾፌር ዐይን በሚያርፍበት ነጥብ ከ0.4 ሉክስ በላይ አይፈቀድለትም፤ 75 ሜትር ላይ ያለውን የቀኝ ዳር በሚወክለው ነጥብ ግን ቢያንስ 12 ሉክስ ይጠየቃል። ሠላሳ እጥፍ መሆኑ ነው። በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራው መብራት ይህንኑ ገልብጦ ይሠራል። እዚህ ሲመጣ ታዲያ ለመንገዱ ዳር የታሰበው ብርሃን ወደ መጪው ሾፌር ይሄዳል፤ የራሱ ባለቤት ደግሞ ዳር የቆመውን እግረኛ በወጉ አያይም።

ጃፓን በግራ ትነዳለች። አዲስ አበባን የሞላችው ቪትዝ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ የጃፓን ገበያ ስም ነበረች፤ ያችው መኪና ለአውሮፓ ስትሠራ ያሪስ ትባል ነበር። ቪትዝ ከጃፓን መሪዋ በቀኝ ሆኖ ትወጣ ነበር፤ ብዙዎቹ ዱባይ ላይ መሪያቸው ወደ ግራ ተዛውሮ ነው እዚህ የደረሱት። መሪ ሲዛወር ዳሽቦርዱ ይለወጣል፣ ፔዳሉ ይዛወራል። የፊት መብራቱን ግን የሚያነሳው የለም፤ ይበራላ! ገዢም ሲመጣ የሚያየው ሞተሩን፣ ኮፋኖውንና ቀለሙን ነው።

ጉዳዩ ለአገራችን አዲስ መሆን አልነበረበትም። ኢትዮጵያ ራሷ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ስትነዳ ቆይታ ነው ወደ ቀኝ የተሻገረችው። ስዊድን ከእኛ ሦስት ዓመት ዘግይታ፣ በሴፕቴምበር 3 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. ስትሻገር የመኪኖቿን የፊት መብራት በቀኝ ለሚነዳ መንገድ በተሠራ አስቀይራለች። እንዲያውም መንግሥቷ ሕዝቡ እያጉረመረመ የቸኮለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፦ በዚያ ዘመን አብዛኛው መኪና አንድ ዓይነት ክብና ርካሽ መብራት ነበረው። መብራት እንደየሞዴሉ መልክ መሠራት ከጀመረ በኋላ ቢሆን ኖሮ ወጪው አይቀመስም ነበር። እኛ ዛሬ ያለነው በዚያ በማይቀመሰው ዘመን ነው።

የመብራቱ ማንነት እላዩ ላይ ተጽፏል። መስታወቱን ወልውሎ ጠርዙ አካባቢ የተቀረጸውን ጥቃቅን ጽሑፍ መፈለግ ነው። የአውሮፓን ፈቃድ ያገኘ ከሆነ በክብ ውስጥ «ኢ» የሚባለው የላቲን ፊደል ከቁጥር ጋር ይገኛል፤ ቁጥሩ ፈቃድ የሰጠውን አገር ይናገራል፦ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 43 ጃፓን። በአጠገቡ ያሉት ፊደሎች የመብራቱን ዓይነት ይገልጻሉ፤ «ሲ» አጭር፣ «አር» ረጅም፣ «ኤች» ሃሎጅን፣ «ዲ» ዜኖን ነው። ዋናዋ ግን ቀስቷ ናት። ቀስት ከሌለ መብራቱ በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራ ነው። መኪናው ፊት ለፊት ቆሞ ለሚያየው ሰው ወደ ቀኝ የምታመለክት ነጠላ ቀስት ካለች በግራ ለሚነዳ፣ ሁለት ጫፍ ያላት ከሆነች ለሁለቱም ነው። ለጃፓን ገበያ ብቻ በተሠራው ላይ ግን ከኮይቶ፣ ከስታንሌይ ወይም ከኢቺኮ ስምና ከቁጥር በቀር ይህ ሁሉ ላይኖር ይችላል።

ያን ጊዜ ግንብ ይፈርዳል። ደልዳላ ቦታ ላይ ከግንብ 10 ሜትር ርቆ አጭሩን ማብራት ነው። ጠርዙ ከመብራቱ ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ መታየት አለበት፤ ከዚያም ሽቅብ የሚነሳው በየት በኩል እንደሆነ ማየት። በግራ ከተነሳ መብራቱ የእኛ አይደለም። (ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ ወዲህ ፒያሳ ውስጥ ደልዳላ ቦታና ባዶ ግንብ አንድ ላይ ማግኘት ራሱ ሥራ ሆኗል።)

ብዙ ሰው በዚህ ፈንታ አምፖል ይቀይራል። «ኤች 4» የሚባለው አምፖል ለረጅሙ 60፣ ለአጭሩ 55 ዋት ነው፤ አጭሩ 1,000 ሉመን ገደማ ይሰጣል። ለግራም ለቀኝም አገር የሚያገለግለው ያው አምፖል ነው፤ አቅጣጫውን የሚወስነው የሚቀመጥበት ቤት ነው። ስለዚህ አምፖል በመቀየር ቀኙ ግራ አይሆንም። ባለ 100 ዋቱን ያስገባ ደግሞ ለ60 ዋት የተዘረጋውን ሽቦና ሶኬት ያቃጥላል። ነጣ ያለው፣ 6,000 ኬልቪን የተጻፈበት፣ ዘመናዊ ይመስላል፤ ኬልቪን ግን የቀለም ልክ እንጂ የብርሃን መጠን አይደለም። ሃሎጅን አምፖል ላይ የተቀባ ሰማያዊ ቀለም እንዲያውም ብርሃን ይቀንሳል።

ኤልኢዲ አምፖል በሃሎጅን ቤት ውስጥ ሲገባ ብርሃኑ የሚወጣበት ነጥብ ከክሩ ቦታ ትንሽ ከተዛነፈ ጠርዙ ይፈርሳል፤ ብርሃኑ በየአቅጣጫው ይረጫል። ጀርመን በ2020 እ.ኤ.አ. ለእንዲህ ዓይነቱ አምፖል የመጀመሪያውን ፈቃድ ስትሰጥ እንኳ ተፈትሸው በስም ለተዘረዘሩ የመኪና ሞዴሎች ብቻ ነበር።

አዲስ አምፖል ከመግዛት በፊት ሽቦውን ማስፈተሽ ይሻል ነበር። የሃሎጅን ብርሃን ከቮልቴጅ ጋር እኩል አይወርድም፤ አምፖሉ ጋ የሚደርሰው ቮልቴጅ በ10 በመቶ ቢጎድል ብርሃኑ 30 በመቶ ያህል ይጠፋል። የዛገ ሶኬትና የላላ ኧርዝ ይህን ለማድረግ በቂ ናቸው። የቢጫው መስታወትም ነገር አለ። ከፍታችን የፀሐይዋን ጨረር ያበረታዋል፤ ጨረሩም የመብራቱን ፕላስቲክ ያደፈርሰዋል፤ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ የጠራው ፕላስቲክም መከላከያ ልባሱ አብሮ ስለሚፋቅ ተመልሶ ይደፈርሳል።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የምርመራን ነገር ደንግጓል፤ ባለመኪናውም ለቦሎ መሰለፉ አይቀርም። እኔን ብትጠይቁኝ፣ መርማሪው «ይበራል?» ከሚለው ቀጥሎ «በየት በኩል ይነሳል?» የሚለውን ቢጨምር የመብራት መለኪያ መሣሪያው በደቂቃ ይመልስለታል።

የቪትዝ ዘመን እየተዘጋ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አከበደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። አሁን የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት ከቻይና ናቸው፤ ቻይና እንደኛ በቀኝ ስለምትነዳ ከፋብሪካ የወጡበት መብራት አቅጣጫው ልክ ነው። ጣጣው የሚመጣው ሲሰበር ነው። እነዚህ መብራቶች አምፖል አይቀየርላቸውም፤ ሙሉው ነው የሚገዛው። ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስን የመሰለው መኪና ደግሞ በግራ በሚነዱት በአውስትራሊያና በታይላንድም ይሸጣል፤ መልኩ ያው ነው፣ መብራቱ ግን ለዚያ አገር የተገለበጠ ነው። ነገ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄዶ «የዚህች መኪና የግራ መብራት አለ?» የሚል ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ቀስቷን ይፈልግ።