ስለ አፈር ጥግግትና እርጥበት መለኪያ ታማኝነት

ከመገናኛ በኮተቤ አድርጎ ወደ ደብረ ብርሃን የሚያወጣው መንገድ በካራ በኩል ሲያልፍ ከየካ ኮረብቶች የሚወርደው የክረምት ውሃ ያገኘዋል። እንዲህ ባለ ስፍራ የመንገድ ሙሌት በሚገባ ካልተዳመጠ ውሃ ይሰርገዋል፤ መንገዱም ይሰምጣል። ስለዚህ የአፈሩን መጠቅጠቅ የሚነግረን መሣሪያ ራሱ እውነተኛ መሆኑ እንዴት እንደሚታወቅ ባጭሩ እናስረዳለን።

መሣሪያው ሁለት የጨረር ምንጮች አሉት። ከሴዚየም 137 የሚወጣው ጋማ ጨረር በአፈሩ ውስጥ አልፎ ወደ ቆጣሪው ይደርሳል፤ አፈሩ በጠበቀ መጠን የሚደርሰው ያንሳል። ከአሜሪሲየም 241ና ከቤሪሊየም ድብልቅ የሚወጣው ፈጣን ኒውትሮን ደግሞ ከውሃው ሃይድሮጂን ጋር እየተጋጨ ይዘገያል፤ የሚቆጠረውም የዘገየው ስለሆነ እርጥበት ሲበዛ ቁጥሩ ይበዛል።

እንግዲህ ሁለቱም ቁጥሮች በድካም ቢያንሱ ምን ይሆናል? የጋማው ማነስ አፈሩን የጠበቀ፥ የኒውትሮኑ ማነስ ደረቅ ያስመስለዋል። የደረቁ አፈር ክብደት የሚገኘው ከጠቅላላው ላይ ውሃውን በመቀነስ ነውና ሁለቱ ስሕተቶች ይደመራሉ እንጂ አይጣፉም። ለምሳሌ በአንድ ሜትር ኩብ ጠቅላላው 1,900 ኪሎ፥ ውሃው 300 ኪሎ ቢሆን ደረቁ 1,600 ነው። በቤተ ሙከራ የተገኘው ከፍተኛ ክብደት 1,700 ከሆነ ይህ 94 በመቶ ነው፤ 95 በመቶ በሚጠየቅበት ሥራ ይወድቃል። መሣሪያው ግን 1,940ና 280 ቢያነብ ደረቁ 1,660 ይሆናል፤ ወደ 98 በመቶ ደርሶም ልሉ ሙሌት ያልፋል።

መከላከያው በየማለዳው መሣሪያውን ከእርሱ ጋር በሚመጣው የፕላስቲክ ብሎክ ላይ አስቀምጦ መቁጠር ነው። የዕለቱ ንባብ ለዚህ ቁጥር ስለሚካፈል ድካሙ ይታረማል፤ የቆየ ቁጥር ይዞ የሚሠራ ግን ከላይ ያልነው ይደርስበታል። አዲሱ ቁጥር ከመጨረሻዎቹ አራት አማካይ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ለጥግግት ከ1 በመቶ፥ ለእርጥበት ከ2 በመቶ መብለጥ የለበትም።

ሆኖም ጥቂት በጥቂት የሚወርድ ቁጥር ከትናንቱ ጋር ሲተያይ አይታወቅም፤ መዝገቡን እስከ መጀመሪያው ገጽ መመልከት ያስፈልጋል። ሴዚየም በ30 ዓመት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ የጥግግቱ ቁጥር በዓመት ከ2 በመቶ ጥቂት በልጦ ቢወርድ የተፈጥሮ ነው። አሜሪሲየም ግን ግማሽ የሚሆነው በ432 ዓመት ነውና የእርጥበቱ ቁጥር እንዲሁ ከወረደ ችግሩ የመሣሪያው ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ጥግግታቸውና እርጥበታቸው በታወቀ ብሎኮች ላይ ዳግም ሳይፈተን በማናቸውም ሙሌት ላይ ሊፈርድ አይገባም።