ፒሲኦኤስ ላለባት ሴት ቫይታሚን ዲ ሜትፎርሚንን ይተካል?

በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ነው፦ «ዶክተር፣ ፒሲኦኤስ አለብኝ። ሜትፎርሚኑ ሆዴን ስለረበሸኝ ትቼው ቫይታሚን ዲ ብቻ ብወስድስ?»

አይተካም።

ፒሲኦኤስ ባለባቸው ብዙ ሴቶች ሰውነት ለኢንሱሊን በደንብ አይታዘዝም። ቆሽት ይህን ለማካካስ ኢንሱሊን ያበዛል፤ የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ ኦቫሪን የወንድ ሆርሞን አብዝቶ እንዲሠራ ይገፋፋዋል። የወር አበባ መዛባቱ፣ የአገጭ ፀጉሩ፣ ብጉሩ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። አንገት ላይ የሚወጣው ጥቁረትም ብዙ ጊዜ የዚሁ ምልክት እንጂ እድፍ አይደለም፤ እባካችሁ አትፈግፍጉት።

የቫይታሚን ዲ እጥረት እነዚህ ሴቶች ላይ በብዛት ይታያል። (የ13 ወር ፀሐይ ቢኖረንም ውሏችን ቢሮና ታክሲ ውስጥ ነው!) ቫይታሚኑን መውሰድ ግን ኢንሱሊኑን ያስተካክላል ወይ ሲባል ጥናቶቹ አልተስማሙም፤ አንዳንዶቹ መጠነኛ መሻሻል አይተዋል፣ ሌሎቹ ምንም። እጥረት ካለ እንሞላዋለን፤ የፒሲኦኤስ መድኃኒት ብዬ ግን አላዝዘውም።

እኔን የሚያስፈራኝ ባለ 50,000 ዩኒቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ የሚታዘዝ ነው። በየቀኑ ከተዋጠ ደም ውስጥ ካልሲየም ይበዛል፤ ማስመለስ፣ የሆድ ድርቀት፣ ሲብስም የኩላሊት ጉዳት ያመጣል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ4,000 ዩኒት አትለፉ።

ሜትፎርሚኑ ከረበሸሽ ከምግብ ጋር ውሰጂው። ካልተሻለሽ ሐኪምሽ መጠኑን ቀንሶ ቀስ በቀስ ሊጨምርልሽ ወይም ቀስ ብሎ የሚሟሟውን ዓይነት ሊቀይርልሽ ይችላል።

እስቲ አሁን ቤት ያለውን ብልቃጥ አንሱና ስንት ዩኒት እንደሚል እዩት።