በጥቁርና ነጭ ትንንሽ ረቂቅ ሥዕል ስለ መሥራት

ባለፈው ሰሞን ልጆች ከሥዕል ክፍለ ጊዜ ይዘው የመጡትን ወረቀት አይተው «ደብተሩን በጥላሸት ከማበላሸት ሌላ ምን ተማረ?» ያሉ ወላጆች አሉ። ደብተር በገንዘብ የሚገዛ ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ ምን እንደምንሠራ ባጭሩ ላስረዳ።

ረቂቅ ሥዕል፣ በፈረንጆቹ አጠራር አብስትራክት፣ ሰው ወይም ቤት አስመስሎ ሳይሆን በመስመር፣ በቅርጽና በቀለም ብቻ የሚሠራ ሥዕል ነው። ለእኛ ያን ያህል እንግዳ ነገር አይደለም። የነጠላን ጥለት አይቶ «ይህ የምን ሥዕል ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በሀገራችን ይህን አሣሣል ካስተዋወቁት አንዱ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወልዶ፣ በጀርመን ኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተምሮ፣ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሯል። በደርግ ጊዜ ከሀገር ወጥቶ በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ በስደት እንዳለ አረፈ። ጀርመን ቆይተው የተመለሱ በርካታ ሥዕሎቹ በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ ለተከፈተው ሙዚየም መነሻ ሆነዋል። ሠዓሊ ወሰኔ ወርቄ ደግሞ ፊደላችንን እየሰበረና እየለጠጠ ይሥላል። እኛም የጀመርነው ከፊደል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በእንጨት ወይም በነጭ ጋዝ ከሚበስልበት ሱፉሪያ ሥር ጥቀርሻ ይፋቃል። የብራና ጸሐፊዎቻችንም ጥቁር ቀለም ያወጡት ከጥላሸትና ከሙጫ ነበር። የግራር ሙጫ በሞቀ ውኃ ይሟሟል። ጥቀርሻ ውኃን ስለሚሸሽ አስቀድሞ በጥቂት ሙጫ እንደ ሊጥ ይታሻል፤ ውኃው የሚጨመረው ኋላ ነው። ይህን የዘለሉ ልጆች ቀለማቸው ተንሳፎ ቀርቶባቸዋል።

ከዚያ አንድ የደብተር ገጽ ሦስት ጊዜ ታጥፎ ስምንት ይሆናል። (ወላጆች ሆይ፣ አንድ ገጽ ስምንት ሥዕል ነው!) አንድ ፊደል፣ ለምሳሌ «ጨ»ን፣ በሰፊው ጽፎ ከካርቶን የተቆረጠች ትንሽ መስኮት በላዩ ላይ ማንሸራተት ነው። ፊደሉ መነበቡ ሲቀርና ቅርጹ ብቻ ሲታይ፣ መስኮቷ ውስጥ ያለው በትንሿ ወረቀት ላይ ይገለበጣል። ጥቁሩና ነጩ እኩል ከሆኑ ሥዕሉ ይተኛል፤ አንዱ ይብዛ። ነጭ ቀለም የለንም፤ ነጩ ሳይነካ የሚተው ወረቀት ነው። ስለዚህ ከመቀባት በፊት የት እንደማይቀባ ማሰብ ያስፈልጋል። ልጆቹን የሚከብዳቸውም ይኸው ነው።

አንዲት ተማሪ ወረቀቷን በሙሉ አጥቁራ፣ በጥግ በኩል ቀጭን ነጭ መስመር ብቻ ተወች። ምን እንደሆነ ብጠይቃት ዝም አለች። ጥፋቱ የእኔ ነበር። በማግሥቱ «ከየት ጀመርሽ?» ስላት ግን ከነጩ መስመር ጀምራ ረጅም ነገር ነገረችኝ፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም። ወላጆችም ጥቁር የበዛበት ሥዕል ስታዩ ልጄ ታሟል ብላችሁ አትደንግጡ፤ ያለን ቀለም ጥቁር ብቻ ነው። «ምንድን ነው?» ከማለት ይልቅ «ከየት ጀመርክ?» በሉት።

ሙጫ አልቆብናል። ያረጀ ካርቶንና ሙጫ ያላችሁ በልጆቻችሁ እጅ ብትልኩልን እናመሰግናለን።